ዝም ያለው በተን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የምዝገባ ገጽ ሠርቼ ነበር። በላፕቶፔ ክሮም ሞከርኩት፣ በፋየርፎክስ ሞከርኩት፣ ከጓደኛዬ አይፎን ተውሼ በሳፋሪም ሞከርኩት። ሁሉም ላይ ሠራ። ምዝገባው በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ወደ ተቋሙ ብቅ ብል ወጣቶች ደጃፉ ላይ ወረቀት ይዘው ተሰልፈዋል። «በስልክ መመዝገብ ይቻላል እኮ፣ ለምን ፀሐይ ላይ ትቆማላችሁ?» ብላቸው አንዲቷ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ወንድሜ፣ ሞልቼ ስጨርስ ‹መዝግብ› የሚለውን እጫነዋለሁ። ምንም አይልም።»

እውነቷን ነበር። በተኑ ይጫናል፣ ምንም አይልም። የእኔ የስሕተት መከታተያ ደግሞ ሦስቱንም ቀን ዜሮ ሲያሳየኝ ነው የከረመው። ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። ስልኳ ላይ ያለው ክሮም ከ80ኛው ቨርዥን በፊት የወጣ ነበር። እኔ ደግሞ ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ ተጣምረው የሚጻፉበትን አዲስ የጃቫስክሪፕት አጻጻፍ ተጠቅሜያለሁ። ክሮም ይህን አጻጻፍ የለመደው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በ80ኛው ቨርዥኑ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሮጌው ብሮውዘር ያን ምልክት ሲያገኝ መስመሩን ዘልሎ አላለፈም፤ ፋይሉን እንዳለ ጣለው። ስሕተት ሲፈጠር እንዲነግረኝ ያስቀመጥኩት ኮድም እዚያው ፋይል ውስጥ ስለነበር አብሮ ተጣለ። እሳት ሲነሳ እንዲጮህ የተቀጠረውን ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ቆልፌበት ነበር።

ድረ ገጽን ወይም አፕን በተለያዩ ብሮውዘሮችና ቨርዥኖች ላይ ፈትሾ የማውጣት ጣጣ 30 ዓመት ሆኖታል። በዚህ ዘመን ውስጥ ብዙ ብልሃት ተፈልጎለታል፣ ብዙውም ሠርቷል። ያም ሆኖ ጥያቄው ራሱ መልኩን ቀይሯል እላለሁ። ድሮ ልዩነቱ በብሮውዘር ሠሪዎች መካከል ነበር፤ ዛሬ በብሮውዘሮች ዕድሜ መካከል ነው። የምንፈትሽባቸው መሣሪያዎች ግን አሁንም የሚለኩልን በአብዛኛው የድሮውን ልዩነት ነው።

የድሮው ጠብ እንዲህ ነበር። ኔትስኬፕ በ1994 ወጣ፣ ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አስከተለ። ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ የየራሳቸውን ፈጠራ ሲጨምሩ፣ ገጾች ግርጌያቸው ላይ «በዚህ ብሮውዘር ቢታይ ይመረጣል» የሚል ምልክት መለጠፍ ጀመሩ። የድረ ገጽን ደረጃ ለማውጣት በ1994 የተቋቋመው ደብሊው ሦስት ሲ ሕግ ይጽፋል፣ ሠሪዎቹ ግን እንደየስሜታቸው ያነቡታል። ከሁሉም የሚታወሰው የሳጥኑ ጉዳይ ነው። የአንድን ሳጥን ወርድ 300 ብለህ ብትጽፍ፣ በደረጃው መሠረት ውስጣዊው ክፍተትና ጠርዙ ከ300 ውጪ ይደመራሉ። ኤክስፕሎረር 5 ግን 300ው ውስጥ አካትቶ ይቆጥራቸዋል። አንዱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ዓምዶች ሌላው ላይ ተገፍተው ወደ ታች ይወርዳሉ። የሚገርመው፣ ኋላ ላይ የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ ሲኤስኤስ ሁለቱንም አቆጣጠር ማስመረጥ ሲጀምር አብዛኛው ሠራተኛ የመረጠው ያንኑ የተረገመውን የኤክስፕሎረርን ነው። እኔም በእያንዳንዱ ሥራዬ መጀመሪያ የምጽፈው እሱን ነው።

ከዚያ ኤክስፕሎረር 6 በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር መጣ፤ የኤክስፕሎረር ቨርዥኖች በጠቅላላው ገበያውን ከ90 በመቶ በላይ ያዙ። ተቀናቃኝ ሲጠፋ ሥራውም ቆመ፤ ሰባተኛው ቨርዥን እስኪወጣ እስከ ኦክቶበር 2006 አምስት ዓመት ተጠበቀ። በዚህ መሐል በ2004 ፋየርፎክስ 1.0 ብቅ አለ። በ2005 ደግሞ አሲድ 2 የተባለው መፈተሻ ወጣ፤ ብሮውዘሩ ደረጃውን በትክክል ካነበበ ፈገግ ያለ ፊት ይሥላል፣ ካላነበበ ፊቱ የተበጣጠሰ ቀይ ነገር ይሆናል። በ2006 የወጣው ጄኩዌሪ የብሮውዘሮችን ልዩነት ከበስተኋላው ደብቆ ለፕሮግራመሩ አንድ ቋንቋ ሰጠው። ያ ትውልድ ኮድ የተማረው በጄኩዌሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዘመን የቀረን ሌላ ቅርስ የብሮውዘሮች የስም ውሸት ነው። ብሮውዘር ወደ ሰርቨር ሲሄድ ራሱን ያስተዋውቃል። አንዳንድ ገጾች «ሞዚላ» ላላለ እንግዳ ጥሩውን ገጽ አናሳይም ሲሉ፣ ኤክስፕሎረር «ሞዚላ ነኝ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ ክሮም ሲተዋወቅ ሞዚላንም፣ አፕልዌብኪትንም፣ ጌኮንም፣ ሳፋሪንም ጠርቶ ነው የራሱን ስም መሐል ላይ የሚሸጉጠው። በ2009 ኦፔራ አሥረኛ ቨርዥኑን ሊያወጣ ሲል የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ገጾች «አንደኛ ቨርዥን ነህ» ብለው መለሱት። ኦፔራም ዕድሜውን ደብቆ 9.80 ነኝ ማለት ግድ ሆነበት። ክሮምና ፋየርፎክስ በ2022 መቶኛ ቨርዥናቸው ላይ ሲደርሱ ሦስት አኃዝ ገጾችን እንዳያሰናክል አስቀድመው ሲሞክሩ የከረሙት ይኸው እንዳይደገም ነው። ፕሮግራመሮች «የብሮውዘሩን ስም አትጠይቅ፣ ማድረግ የሚችለውን ጠይቅ» የሚለውን ትምህርት ያወጡት ከዚህ ውሸት ነው። መልካም ትምህርት ነው፤ ግን ቆይተን እንደምናየው ሁልጊዜ አያዋጣም።

የሠሪዎቹ ጠብ በአብዛኛው በርዷል። ኦፔራ በ2013 ገጽን አንብቦ የሚሥለውን የራሱን ሞተር ትቶ ወደ ክሮም ሠፈር ገባ። ማይክሮሶፍት በዲሴምበር 2018 እጁን መስጠቱን ተናገረ፣ በጃንዋሪ 2020 ኤጅ የተባለውን ብሮውዘሩን የክሮም መሠረት በሆነው ክሮሚየም ላይ ሠርቶ አወጣ። ኤክስፕሎረር ጁን 15 ቀን 2022 በይፋ ተሰናበተ። የቀሩት ዋና ሞተሮች ሦስት ናቸው፤ የክሮሙ ብሊንክ፣ የአፕሉ ዌብኪትና የፋየርፎክሱ ጌኮ። አይፎን ላይማ ምልክቱ ክሮም ሆነ ፋየርፎክስ ከሥሩ ዌብኪት ነው። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሩን ቢያስከፍትም ለአውሮፓ ብቻ ነበር። ሠሪዎቹም ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ እየተስማሙ፣ በጋራ የፈተና ስብስብ ላይ ውጤታቸውን ለሕዝብ እያሳዩ ልዩነታቸውን ያጠባሉ። ይህ እውነተኛ ድል ነው። አዲስ ላፕቶፕና አዲስ ስልክ ለያዘ ሰው ችግሩ አብቅቷል ማለት ይቻላል።

ስልኩ አዲስ ያልሆነውስ? አይፎን 5 ኤስና አይፎን 6 ከአይኦኤስ 12 አያልፉም፤ ሳፋሪ ደግሞ ከስልኩ ሥርዓት ጋር የተሰፋ ስለሆነ ለብቻው አይታደስም። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ክሮም 109ኛው ነው። አንድሮይድ ላይ ክሮም ከፕሌይ ስቶር ለብቻው ይታደሳል፤ መታደስ ግን ዳታ ይበላል፣ ቦታ ይፈልጋል። የቀን ፓኬጅ የሚገዛ ሰው ሜጋባይቱን ለቴሌግራም ነው የሚያውለው። ሜሞሪው በሠርግ ቪዲዮ የሞላ ስልክ ደግሞ «ቦታ የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስልክ ከታላቅ ለታናሽ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ይወርዳል፤ ውስጡ ያለው ብሮውዘር ግን የመጀመሪያው ባለቤት እንደተወው ነው።

የዕድሜ ልዩነት ከሠሪ ልዩነት የሚከፋበትን ምክንያት ከ2020ው የኩኪ ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ክሮም በ80ኛው ቨርዥኑ ሕግ ለወጠ፤ አንድ ኩኪ ከሌላ ገጽ በሚመጣ ጥያቄ ላይ እንዲላክ ከተፈለገ ባለቤቱ በግልጽ «ገደብ የለውም» ብሎ ይጻፍበት አለ። ካልተጻፈበት አይላክም። የክፍያ መስኮት፣ በሌላ ገጽ አካውንት መግባት፣ ሌላ ገጽ ውስጥ የተከተተ አገልግሎት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ታዲያ ጻፉበታ! ችግሩ፣ በአይኦኤስ 12 ያለው ሳፋሪ ይህን ቃል ሲያይ ትርጉሙን ገልብጦ «እጅግ ጥብቅ ገደብ አለው» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ካልጻፍክ አዲሱ ክሮም ይሰብርሃል፣ ከጻፍክ አሮጌው አይፎን። አንድ መስመር ለሁለቱ ሊሆን አልቻለም። መውጫው ያንኑ ለዓመታት እንደ ነውር የተቆጠረውን ማድረግ ነበር፤ ብሮውዘሩን ስሙን ጠይቆ ለአሮጌው ሌላ፣ ለአዲሱ ሌላ መላክ። ሳይወዱ በግድ ብዙ ሰርቨሮች አደረጉት።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ለውጡ ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ሳለ ኮሮና መጣ። ጉግል በኤፕሪል 2020 በዚያ ጊዜ የሕዝብ አገልግሎት ገጾች እንዳይቋረጡ ብሎ ለውጡን መልሶ አነሳው፣ በጁላይ ደግሞ እንደገና ጀመረው። አንድ ገጽ ባለቤቱ አንድ ፊደል ሳይነካው በፌብሩዋሪ ተሰብሮ፣ በኤፕሪል ድኖ፣ በጁላይ ሊሰበር ይችል ነበር ማለት ነው። ሥራችንን ፈትሸን ያወጣነው እኛ ብቻ ነን ብለን እናስባለን፤ ከሥራችን ሥር ያለው መሬትም በራሱ መርሐ ግብር ይወጣል። ክሮም በ2021 በየአራት ሳምንቱ መታደስ ጀመረ።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ አባታቸው ሴሌኒየም ነው። በ2004 ጄሰን ሃጊንስ ቺካጎ ውስጥ ቶትዎርክስ በተባለ ድርጅት ሲሠራ የጀመረው ነው። ስሙ ቀልድ ነው፤ በዘመኑ የፈተና ሶፍትዌር ገበያውን የያዘው ድርጅት ስሙ ሜርኩሪ ነበር፣ ሴሌኒየም ደግሞ የሜርኩሪ መርዝ ማርከሻ ነው ይባላል። ዋናው ሐሳቡ፣ ብሮውዘርን እንደ ሰው የሚነዳ ፕሮግራም፣ በ2018 የደብሊው ሦስት ሲ ደረጃ ሆነ። በ2020 ማይክሮሶፍት ያወጣው ፕሌይራይት ዛሬ በብዙ ቡድኖች እጅ ያለ ነው፤ አንዱን ፈተና በሦስቱም ሞተሮች ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያሯሩጠዋል። እኔም እጠቀመዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ምን እንደማያይ ማወቅ ይገባል። ፕሌይራይት ውስጥ ያለው ዌብኪት አይፎን ላይ ያለው ሳፋሪ አይደለም፤ ለፈተና ተብሎ የተቀናበረ የዌብኪት ቅጂ ነው። ከእያንዳንዱ የፕሌይራይት ቨርዥን ጋር የሚመጡት ሞተሮች ደግሞ በጊዜው ያሉት አዲሶቹ ናቸው። «የስልክ ሁኔታ» የሚለውን ስትመርጥ የስክሪኑ ስፋት ይጠባል እንጂ ላፕቶፕህ 1 ጊጋባይት ራም ያለው ስልክ አይሆንም። የዚያች ልጅ ስልክ ላይ የሞተውን በተን በዚህ መሣሪያ 100 ጊዜ ብፈትሸው 100 ጊዜ አረንጓዴ ነበር የሚያሳየኝ።

ለዚህ የተፈለገው መልስ እውነተኛ ስልኮችን በኪራይ መጠቀም ነው። በ2011 ሙምባይ ላይ የተመሠረተው ብሮውዘርስታክ በዓለም ላይ የታወቀው ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ስልኮችን በኢንተርኔት ያከራያል። ኪራዩ በዶላር ነው። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ትንሽ ቡድን ዋጋው ብቻ ሳይሆን መክፈያው ካርድ ራሱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለን «ቤተ ሙከራ» የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስልክ ደግሞ ከተጠቃሚው ስልክ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

ኦፔራ ሚኒን ሳያነሱ ማለፍም ይከብዳል። ዳታ ስለሚቆጥብ በአፍሪካ ሰፊ ተጠቃሚ አግኝቷል። በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን ስልኩ አይደለም የሚያነበው፤ የኦፔራ ሰርቨር አንብቦ፣ ጨምቆ፣ ሥዕል የመሰለ ነገር አድርጎ ይልካል። ጃቫስክሪፕቱም እዚያው ሰርቨሩ ላይ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ይቆማል። ተጠቃሚው ቁጠባውን ዝቅ ካደረገው ደግሞ ያው አፕ እንደ ተራ ብሮውዘር ይሠራል። አንድ ስም፣ አንድ ቨርዥን፣ ሁለት ጠባይ።

ሁሉንም መደገፍ አይቻልም፤ ስለዚህ መስመር የት ይሰመር የሚለው ላይ ሰዎች ብዙ አስበዋል። ያሁ በ2006 ብሮውዘሮችን በደረጃ ከፍሎ ነበር፤ ለላይኞቹ ሙሉ ገጽ፣ ለታችኞቹ ጌጥ አልባ ግን የሚነበብ ገጽ። ድጋፍ ማለት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ያያል ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀመጠ ሐሳብ ነው፤ እስካሁንም ከእሱ የተሻለ አላየሁም። የቢቢሲ ዜና ክፍል በ2012 ያንኑ መንገድ ይዞ፣ ብሮውዘሩ ሦስት ነገሮችን መቻሉን ጠይቆ ከቻለ ሙሉውን፣ ካልቻለ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ይሰጥ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ዲጂታል አገልግሎት በ2013 ባደረገው ልኬት 1.1 በመቶ የሚሆኑ ጎብኚዎች ጃቫስክሪፕት አልደረሳቸውም፤ ብሮውዘራቸው የማይችል ወይም ራሳቸው የዘጉት ግን 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ብሮውዘራቸው ደህና ነው፤ ኔትወርኩ ተቆርጦ፣ መሐል ላይ የሆነ ነገር አግዶት ነው ያልደረሳቸው። ያ እንግሊዝ ነው።

አዲሱ መስመር በ2023 የመጣው ቤዝላይን ነው። አንድ አዲስ አቅም በዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ከገባ 30 ወር ሲሞላው «በሰፊው የሚገኝ» ይባላል፤ ያለ ሐሳብ ተጠቀምበት ማለት ነው። ጠቃሚ የጋራ ቋንቋ መሆኑን አልክድም። ግን 30 ወር ሁለት ዓመት ተኩል ነው። እኛ ጋ በዚያ ዕድሜ ስልክ ገና ከመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ አልወጣም። አንዳንዱ «የራስህን ገጽ መዝገብ አይተህ ወስን» ይላል፤ ይህም ወጥመድ አለው። ገጹ የማይከፈትለት ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ የጎብኚ ቆጣሪው በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ከሆነም ጭራሽ አይቆጠርም። ከዚያ «በአሮጌ ስልክ የሚመጣ ሰው የለንም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

አዲሱን አጻጻፍ ወደ አሮጌው የሚመልስ እንደ ባቤል ያለ መሣሪያ አለ፤ የእኔን በተን ያዳነውም አንድ የማስተካከያ መስመር ነበር። የጎደለ አቅምን የሚተካ «ፖሊፊል» የሚባል ኮድም አለ። ማርከሻውም ራሱ መርዝ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ፖሊፊልን በነጻ የሚያድል አንድ የታወቀ የድረ ገጽ አድራሻ በ2024 መጀመሪያ ተሸጦ፣ በጁን አዲሱ ባለቤት ተንኮል ያለበት ኮድ እንደሚያሠራጭበት ተደረሰበት። ከ100,000 በላይ ገጾች ለአሮጌ ብሮውዘር ብለው ያስገቡት መስመር ለጎብኚዎቻቸው ሁሉ አደጋ ሆነ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሰው ሰርቨር ላይ ያለ ኮድ በቀጥታ አልጠራም።

ደግሞ ብሮውዘሩ ጋ እንኳ ሳይደርስ የሚሰበር አለ። ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ የሚያድለው የደህንነት ሰርተፍኬት ሥሩ ከ7.1.1 በታች ባሉ አንድሮይዶች ውስጥ የለም። በሌላ አሮጌ ሥር ዋስትና ሲሠራ ቆይቶ ዋስትናው በሴፕቴምበር 2024 አበቃ። በእነዚያ ስልኮች ላይ ያለ አሮጌ ክሮም ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ፋየርፎክስ ግን የራሱን የሰርተፍኬት ዝርዝር ይዞ ስለሚዞር ይከፍታል። ኮዱን ቀን ከሌሊት ብትፈትሽ ይህን አታገኘውም፤ ችግሩ ኮዱ ውስጥ የለማ።

የአማርኛ ገጽ የራሱ ተጨማሪ ዕዳ አለበት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ገጹ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። ኒያላ ከቪስታ ጋር መጣ፣ ግን ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ አርእስት በደማቅ ሲጻፍ ብሮውዘሩ ራሱ ስለሚያወፍረው «ጨ» እና «ጪ» ይጨፈለቃሉ። በእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሠራ በተን ውስጥ አማርኛ ሲገባ የፊደሉ እግር ይቆረጣል። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላትን፣ በግዕዝ ቁጥር የሚቆጠርን ዝርዝር በየብሮውዘሩ ማየት ያስፈልጋል። ቁጥሩን የማያውቅ ብሮውዘር ቢያንስ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ያልፋል፤ ሲኤስኤስ ያላወቀውን መዝለሉ እዚህ ይጠቅማል። የሚያስቸግረው የቀን መምረጫው ነው። በደረጃው መሠረት ወደ ሰርቨር የሚላከው ምንጊዜም የፈረንጅ ቀን ነው። የልደት ዘመን ጠይቀህ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለህ ካልለየህ ግማሹ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፣ ጳጉሜን 5 የተወለደው ደግሞ ቀኑን ፈልጎ ያጣዋል። እኔ መምረጫውን ትቼ ሦስት ተራ ሳጥን አደርጋለሁ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። አያምርም፣ ግን የትም ይሠራል።

ስለ ገጹ አወጣጥ ብዙ የምለው የለኝም፤ በትንሽ በትንሹ መልቀቅ፣ መመለሻውን አዘጋጅቶ መጀመር፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው አንድ ነገር ነው። አዲሱን ስታወጣ የድሮዎቹን ፋይሎች ከሰርቨር አታጥፋ። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ጠዋት የከፈተውን ገጽ ከሰዓት የሚጨርስ ሰው አለ፤ የእሱ ገጽ የሚጠራው የጠዋቱን ፋይል ነው። ካጣው ያው በተኑ ዝም ይላል።

የምዝገባውን ገጽ ኋላ ላይ ያለ ጃቫስክሪፕትም እንዲላክ አድርጌ ሠራሁት፤ የስሕተት መከታተያውንም በጥንታዊ አጻጻፍ ለብቻው ፋይል አወጣሁት። ለመፈተሻ የገዛሁትን አሮጌ ስልክ መሳቢያ ውስጥ አኑሬ፣ ሳላድሰው፣ ማንኛውንም ሥራ ከማውጣቴ በፊት እሞክርበት ነበር። በቅርቡ ባትሪው አበጠና ምትክ ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ። ሻጩ አዳዲሶቹን ሲደረድርልኝ ከኋላው ካርቶን ውስጥ ያሉትን ጠቆምኩት። አንዱን አንስቶ አቧራውን እየጠረገ በትዝብት አየኝ።

«ወንድም፣ ልንገርህ እንግዲህ፣ ይሄ ብዙ ነገር አይከፍትም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አልኩትና ዋጋ መከራከር ጀመርን።